የሻይ አቦል፣ ቶና እና በረካ

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ የመብራት ሂሳብ ወረቀት እንዴት እንደሚነበብ ጽፈን ነበር። በዚህኛው ስለ ውሃ ሂሳብ ልንቀጥል ተዘጋጅተን ሳለ፣ አንዲት እናት በፌስታል የተጠቀለለ እሽግ ይዘው ወደ ዝግጅት ክፍላችን ገቡና አሳባችንን አስቀየሩን። የውሃው ጉዳይ ለሚቀጥለው ይቆየን።

እኚህ እናት ስማችን አይጻፍ ስላሉን እንዲሁ እማማ እንላቸዋለን። ከጎንደር ከመጡ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ዕብራይስጥ ማንበብ አልጀመሩም። «ልጆቼ፣ እስቲ ይህ መድኃኒት ምን እንደሚል አንብቡልኝ» አሉን። አነበብንላቸው። «ቴ ያሮክ» ይላል፤ አረንጓዴ ሻይ ማለት ነው። ክብደቱ 100 ግራም፤ ከሥሩ ደግሞ እስከ መቼ ድረስ መጠጣት እንደሚገባው የሚናገር ቀን አለ። ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ወር ብቻ ቀርቶታል። በሽታ ወይም መድኃኒት የሚል አንድም ቃል አላገኘንበትም።

እማማ ግን የገዙት ሻይ ነው ብለው አይደለም። በር ለበር የሚዞር አንድ ሰው ቤታቸውን አንኳኩቶ፣ እንደ ዘመድ ተቀምጦ ጤናቸውን ጠየቃቸው። ስኳር እንዳለባቸው ነገሩት። እሱም ቅጠሉ ስኳርን ከሥሩ ነቅሎ እንደሚያወጣ፣ ክኒን ግን ኩላሊት እንደሚጎዳ አስረዳቸው። 180 ሸቀል ከፈሉ። ደረሰኝ፣ እዚህ «ካባላ» የምንለውን፣ አልሰጣቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክኒናቸው ቁም ሣጥን ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ወደ እኛ ሲመጡ 19ኛ ቀናቸው ነበር።

ቅጠሉን እንዴት እንደሚጠጡት ጠየቅናቸው። «እንዳገራችን ነዋ! በበራድ ውሃ አፍልቼ፣ ቅጠሉን ጨምሬ፣ ደኅና አድርጌ አንተክትኬ። ታዲያ ሲመር ለጉድ ነው። ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ካልጨመርኩበት አይወርድልኝም» አሉን። እርስ በርሳችን ተያየን። የስኳር መድኃኒት ተብሎ የተሸጠው ሻይ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ማንኪያ ስኳር ሲጠጣ ከርሟል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። ሂሳቡን ስናሰላው በ19 ቀን ውስጥ ወደ 700 ግራም ይጠጋል።

ያን ዕለት ሌላ ሥራ አልሠራንም። እማማን ይዘን ወደ ኩፓት ሆሊም ሄድን። ነርሷ ጣታቸውን ወጋች፤ መሣሪያው ያሳየውን ቁጥር እዚህ አንጽፈውም፤ ነርሷ ግን ወንበሯን ስባ ሐኪሙን ልትጠራ ስትነሣ አየናት። ሐኪሙ አልተቆጣቸውም። ክኒናቸውን በዚያው ሰዓት መልሰው እንዲጀምሩ አዘዘ፣ ከሳምንት በኋላም ቀጠሮ ሰጣቸው። ሻዩንስ ምን ላድርገው ብለው ሲጠይቁት፣ «ሻይ ሻይ ነው፤ ያለ ስኳር ከጠጡት ይጠጡት» አላቸው። ስንወጣ እማማ በር ላይ ቆም አሉና «ይህን ያለ ስኳር ማን ይጠጣዋል?» አሉን።

ጥያቄያቸው ልክ ነበር። እኛም መልስ አልነበረንም።

እዚህ ላይ ነገሩን ለምን አክብደን እንደያዝነው መናገር አለብን። በኢትዮጵያ ገጠር ስኳር በሽታ እምብዛም አይታወቅም ነበር። እስራኤል ከገባን በኋላ ግን ገና በ1980ዎቹ ዓመታት ሐኪሞች በወጣቶቻችን ላይ ሳይቀር በሽታውን ከጠበቁት በላይ አገኙት፤ ጥናታቸውም በ1988 በሕክምና መጽሔት ወጣ። ምግቡ ተለወጠ፣ በእግር መሄዱ ቀረ፣ ነጭ እንጀራና ጣፋጭ መጠጥ በዛ። በ1998 የተመሠረተው «ጤና ብሪዩት» የተባለው ድርጅት፣ ስሙ በአማርኛም በዕብራይስጥም ጤና ማለት ነው፣ ከሥራዎቹ ዋነኛው ስለዚሁ በሽታ በራሳችን ቋንቋ ማስተማር ነው። ጉዳዩ እንግዲህ የእማማ ብቻ አይደለም። በየቤታችን በቡናውም በሻዩም የምንጨምረውን ስኳር በማንኪያ ቆጥረን አናውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይመክራል። 25 ግራም ማለት ስድስት ማንኪያ ነው፤ በእኛ አለካክ የሁለት ስኒ ሻይ!

ወደ ሻዩ እንመለስ። በማግስቱ በዝግጅት ክፍላችን ራሳችን ሞከርነው። ውሃውን አንተከተክነው፣ ቅጠሉን ጨመርን፣ አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅን፣ ቀረፋም አከልንበት። ያለ ስኳር አንድ ጉንጭ እንደ ተጎነጨን ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ምላስን እንደ ያልበሰለ ኮክ ያደርቃል። እማማ ሦስት ማንኪያ በመጨመራቸው ከዚያ በኋላ ልንፈርድባቸው አልደፈርንም።

ከዚያ ነው አንዱ ባልደረባችን «ኤመቅ ሳራ አንድ ሻይ አዋቂ ሰው አሉ» ያለን።

ኤመቅ ሳራን ሥራ ፈልጎ ያልሄደባት ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው። ኤመቅ ማለት ሸለቆ ነው፤ የሣራ ሸለቆ እንደ ማለት። ስሙን ሰምቶ ምንጭና ጥላ የሚጠብቅ ሰው ግን የሚያገኘው ጋራዥ፣ የዕቃ መጋዘን፣ የብረትና የእንጨት ሥራ ቤት፣ በየመካከሉም የሠርግ አዳራሽ ነው። ባልደረባችን ከቀትር በኋላ በአንድ መጋዘን ዕቃ ያወርዳል። ከመጋዘኑ አጠገብ ያረጁ ሶፋዎችን አዲስ ጨርቅ የሚያለብሱ አንድ አዛውንት አሉ። ከሳማርካንድ፣ ከኡዝቤኪስታን የመጡ ናቸው። በአገራቸው ሰው ከቡና ይልቅ አረንጓዴ ሻይ ይጠጣል፤ «ኮክ ቾይ» ይሉታል። ባልደረባችን ሁልጊዜ በአራት ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር በአሥር ሰዓት መሆኑ ነው፣ ሲጠጡ ያያቸዋል። ስኳር ሲጨምሩ ግን አንድም ቀን አላየም።

እማማን «ይምጡ አብረን እንሂድ» ስንላቸው መጀመሪያ አሻፈረኝ አሉ። የማያውቁት ሰው የሸጣቸው ሻይ ያመጣባቸውን አይተው ሌላ የማያውቁት ሰው ዘንድ ሻይ ሊጠጡ? በመጨረሻ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እሽጋቸውንም ይዘው መጡ።

አዛውንቱ ዕብራይስጣቸው ሩሲያኛ ይጫነዋል፤ የእማማ ደግሞ ገና ከሰላምታ አላለፈም። እንዲያም ሆኖ ከእኛ አስተርጓሚነት ይልቅ በእጅ ምልክት ይግባቡ ነበር። እሽጉን ተቀብለው መዳፋቸው ላይ ጥቂት አፈሰሱ። በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉት፣ አሸተቱት። ከዚያ ከመደርደሪያቸው የቆርቆሮ ዕቃ አውርደው ከእሱም በሌላው መዳፋቸው ላይ አፈሰሱና ሁለቱን እጆቻቸውን ወደ እማማ ዘረጉ።

ልዩነቱን ለማየት አዋቂ መሆን አያስፈልግም ነበር። የእማማው ወደ ብጫ ያደላ፣ የተሰባበረ፣ ግንድና ብናኝ የበዛበት ነው፤ ሽታውም የከረመ ጭድ ይመስላል። የአዛውንቱ ግን እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው ተጠምዝዞ የደረቀ ነው። እማማ አንዱን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ወደ ብርሃን አቀረቡትና «ይህስ የተፈተለ ነው!» አሉ። ጥጥ ሲፈትሉ ያደጉ ሴት ስለሆኑ ዓይናቸው አላታለላቸውም። በእርግጥም በእጅ የተጠመዘዘ ነው።

አሠራሩን አዛውንቱ እንዲህ አስረዱን። ሻይ ቅጠል ሁሉ፣ ጥቁሩም አረንጓዴውም፣ ከአንድ ዓይነት ተክል ነው። እኛ በአገራችን የምናውቀው፣ በኢሉባቦር ከጎሬ አጠገብ በጉመሮ፣ በከፋም ከቦንጋ አጠገብ በውሽውሽ የሚበቅለው ተክል ከዚሁ ዘር ነው። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ታሽቶ አየር እንዲመታው ከተተወ ይጠቁራል፤ ጥቁር ሻይ ይሆናል። እንደ ተቀጠፈ ወዲያው በእሳት ከተመታ ግን መጥቆሩ ይቆምና አረንጓዴነቱ ይቀራል። ጃፓኖች በእንፋሎት ይመቱታል፤ ቻይናዎች ደግሞ በጋለ ምጣድ ያምሱታል። እማማ ይህን ሲሰሙ «እንደ ቡናችን!» አሉ። ልክ ነው፣ ልዩነቱ ቡና እስኪጠቁር መቆየቱ፣ ሻዩ ደግሞ እንዳይጠቁር መታመሱ ነው። ከምጣዱ ሳይወጣ ወይም እንደ ወጣ፣ ገና ለስላሳ ሳለ፣ በመዳፍ እየታሸ ይጠመዘዛል። ይህም ለመልኩ ብቻ አይደለም። ሲታሽ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ጭማቂ ወደ ላይ ይወጣና ደርቆ ይያዛል፤ ጥምዝማዜው ደግሞ ጣዕሙን በአንድ ጊዜ እንዳይለቅ ቆልፎ ይይዘዋል። ውሃ ሲያገኘው ቀስ እያለ ይፈታል። በቻይና በታይ ሐይቅ አጠገብ ከዶንግቲንግ ኮረብታ የሚመጣው «ቢ ሉዎ ቹን» የተባለው ስመ ጥሩ ሻይ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል የተጠቀለለ ነው፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። ለአንድ ኪሎ ብዙ አሥር ሺህ እንቡጥ ይለቀማል። የአዛውንቱ ሻይ የዚያ ዓይነት ውድ አልነበረም፤ በእጅ የተሠራ መሆኑ ግን ያስታውቃል።

አዛውንቱ የኤሌክትሪክ ማፍያቸውን ከፈቱ። ውሃው ሲንተከተክ ልንቀዳ ብድግ ስንል በእጃቸው አስቆሙን። የፈላውን ውሃ ወደ አንድ ማንቆርቆሪያ ገለበጡ፣ ጥቂት ቆይተው ወደ ሌላ ገለበጡት፣ አሁንም ጠበቁ። አምስት ደቂቃ ያህል ሆነ። እማማ «ሊያቀዘቅዘው ነው እንዴ? እንግዳ ቀዝቃዛ ሊያጠጣ!» ብለው በአማርኛ አጉረመረሙ።

ምሥጢሩ ግን እዚህ ነው። አረንጓዴ ሻይ ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ያለ ውሃ ይበቃዋል። ጣፋጩ ነገር በለብታም ውሃ ቶሎ ይወጣል፤ መራራውና ምላስ የሚያደርቀው ግን ኃይለኛ ሙቀት ሲያገኝ ነው የሚጎርፈው። እዚህ ላይ እኛ ከደጋ የመጣን ሰዎች ያላሰብነው ነገር አለ። ከፍ ባለ አገር ውሃ ቶሎ ይፈላል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃዋ 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ቤር ሼቫ ግን ከ300 ሜትር ብዙም አታልፍም፤ ውሃዋ የሚፈላው ወደ 99 ዲግሪ ደርሶ ነው። እናቶቻችን እንደለመዱት «ፈላ» ብለው የሚያነሡት ውሃ እዚህ ከአገር ቤቱ የበለጠ ያቃጥላል ማለት ነው። የአገር ቤት እጅ እዚህ ሲሳሳት ባለሙያነቱ ጠፍቶ አይደለም።

የውሃውንም ነገር እግረ መንገዳችንን እናንሣ። በማፍያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ «አብኒት» የሚሉት ነው፤ በውሃው ውስጥ ያለው ኖራ ነው። ጉዳት የለውም፤ ሻይን ግን ያደፈርሳል፣ ከላዩም ስስ ቆዳ ያበጃል። ሎሚ ወይም ሆምጣጤ በውሃ አፍልቶ ማጠብ ያስለቅቀዋል።

ሁለት ሻይ ማንኪያ ሙሉ የተጠመዘዘ ቅጠል፣ ይህም 3 ግራም ያህል ነው፣ በትንሽ የሸክላ ማንቆርቆሪያ ጨመሩ። ውሃውም አንድ ተኩል ስኒ ያህል ነበር። በቀኝ በኩል የእሳቸው፣ በግራ የእማማ ሻይ እኩል ተሰፍሮ ተቀመጠ። አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ቆይተው ከማንቆርቆሪያው ወደ ጽዋ ቀድተው መልሰው ወደ ማንቆርቆሪያው ገለበጡት፤ ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ። የአገራቸው ልማድ ነው፤ ሻዩን ያዋህደዋል ይላሉ። ከዚያ «ፒያላ» በሚሏቸው እጀታ የሌላቸው ጽዋዎች ቀዱልን። ግማሽ ብቻ!

እማማ ጽዋቸውን አዩ፣ እኛን አዩ። በእኛ ዘንድ ስኒ እስከ አፉ ካልሞላ፣ ከተቻለም ወደ ማስቀመጫው ካልፈሰሰ፣ እንግዳ አልተከበረም። አዛውንቱ ነገሩ ገባቸውና ሳቁ። በሳማርካንድ ሞልቶ የሚቀዳው ሰውየው ጠጥቶ ቶሎ እንዲሄድ ሲፈለግ ነው፤ ለተወደደ እንግዳ ትንሽ ትንሽ እየተቀዳ ደጋግሞ ይሰጠዋል አሉን። ይህን ስንተረጉምላቸው እማማ «እንዲያ ከሆነስ ጥቂትም ይቀንስልኝ» አሉና ሥራ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

አቦሉ ቀለሙ ከውሃ ብዙም አይርቅም፤ ፈዘዝ ያለ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ብጫ ነው። ሽታው ግን ጽዋውን ወደ አፍ ሳያስጠጉት ይደርሳል። አንዳችን «የታጨደ ሣር» አለ፤ ሌላው «የተቀቀለ ፎሶሊያ» አለ። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና «የሽምብራ እሸት!» አሉ። ከዚያ በኋላ ሌላ ስም ልናወጣለት አልቻልንም፤ የሽምብራ እሸት ነው። ጣዕሙ ለስላሳ፣ ጥቂት ጣፋጭ፣ መረቅ መረቅ የሚል ነገርም ያለበት። ስኳር አልፈለገም። የግራው፣ የእማማው ሻይ፣ በዚያው ለብ ባለ ውሃ በቢሮአችን ከቀመስነው እጅግ የተሻለ ሆነ፤ ሆኖም ገና በአቦሉ ደፍርሶ፣ ጠቁሮ፣ ያለውን ሁሉ አወጣ። የተሰባበረ ቅጠል የሚይዝበት ነገር የለውም፤ ውሃ እንደነካው ሁሉንም ይለቃል።

ቶናው የዕለቱ ምርጥ ነበር። ጥምዝማዜው በግማሽ ተፈትቷል፣ ቀለሙ ደመቀ፣ ጣዕሙ ወፈረ። ትንሽ ምሬትም መጣ፤ ከተዋጠ በኋላ ግን ምሬቱ ሄዶ በጉሮሮ ላይ ጣፋጭነት ይመለሳል። ይህን ነገር በቡናችን አናውቀውም። ቶና ከአቦል በልጦ ማግኘታችን ትንሽ አከራከረን። ቡናችን እየቀጠነ የሚሄደው የተወቀጠ ስለሆነ ነው፤ ይህ ግን ገና እየተፈታ ስለሆነ በሁለተኛው ይበረታል። ከመካከላችን ግን «እኔ አቦሉን እመርጣለሁ» ብሎ እስከ መጨረሻው የተሟገተ አለ። የግራው በዚህ ጊዜ ሞቅ ያለ ባለቀለም ውሃ ሆኗል።

ለሦስተኛው አዛውንቱ ውሃውን ብዙ ሳያቀዘቅዙ ሁለት ደቂቃ ተኩል አቆዩት። ምሬቱ ሸሽቷል፤ የቀረው ጣፋጩ ነው። እማማ «ይህ በረካው ነው» ሲሉ አዛውንቱ ቃሉን ያዙት። በዕብራይስጥ «ብራኻ» በረከት ነው፤ በእነሱም አገር «ባራካ» ይላሉ። ሦስታችንም ወገን አንድ ቃል አገኘን። የእማማው ሻይ በሦስተኛው ምንም አልነበረውም፤ ጥለነዋል።

አራተኛው ሦስት ደቂቃ ፈጀ፤ ቀጭን ነው፣ ቢሆንም ያስጠጣል። ሞቃት ቀን ላይ ለጥም እንዲያውም ሳይሻል አይቀርም። ለአምስተኛው የፈላ ውሃ እንዳለ ጨምረው አምስት ደቂቃ ቆየ። አዛውንቱ «አሁንም አለ፣ አሁንም አለ» ይሉ ነበር። እማማ አንድ ጊዜ ተጎንጭተው ጽዋውን በትሕትና አስቀመጡና «ይህስ እጣቢ ነው፤ እንዳትተረጉሙለት» አሉን። አልተረጎምንም።

ሲያበቃ አዛውንቱ ሁለቱንም ማንቆርቆሪያዎች በሳሕን ላይ ገለበጡ። ሻይ ሲገዛ የሚያታልለው ደረቁ ነው፤ እውነቱ የሚታየው ከተጠጣ በኋላ ነው አሉ። በቀኙ ሳሕን እንቡጡ ከነአንድ ወይም ሁለት ቅጠሉ ሙሉ ሆኖ፣ ከዛፍ የወረደ መስሎ ተዘርግቷል። በግራው ፍርፋሪና ግንድ። እማማ የግራውን ሳሕን ረዘም ላለ ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩ። «180 ሸቀል» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ከዚያ በኋላ ተመሳሳይ ሻይ በሱፐርማርኬት አይተናል፤ እሳቸው ከከፈሉት አንድ አምስተኛውን እንኳ አያወጣም።

ስለ ገንዘቡ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በር ለበር ለሚደረግ ሽያጭ ለገዢው የ14 ቀን መመለሻ ጊዜ ይሰጠዋል። ሕጉ በኋላ ሲሻሻል ለአዲስ ገቢ፣ ከመጣ አምስት ዓመት ላልሞላው፣ ዕድሜው 65 ለደረሰና የአካል ጉዳት ላለበት ሰው፣ ሽያጩ በንግግር የተደረገ ከሆነ ጊዜው አራት ወር ሆኖለታል። እማማ በሁለት በኩል መብት ነበራቸው። ግን ማንን ይጠይቁ? ስሙ የለ፣ ስልኩ የለ፣ ካባላው የለ። እኛም ፈልገን አጣነው። እንግዲህ በር የሚያንኳኳ ሻጭ ቢመጣ፣ ስምና አድራሻ ያለበት ካባላ ካልሰጠ ቡናውን አጠጥታችሁ ሸኙት።

ሐኪሙንና ነርሷን ደግመን ጠይቀን ያረጋገጥነው ነገርም አለ። በጽዋ የሚጠጣ አረንጓዴ ሻይ ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም። የስኳርን ክኒን ግን አይተካም። ደም የሚያቀጥን ክኒን የሚወስድ ሰው አብዝቶ ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ማንኛውም ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በጤፍ፣ በሽሮና በምስር ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል፤ ስለዚህ በተለይ ነፍሰ ጡሮችና ደማቸው ያነሰ ሴቶች ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ። ነፍሰ ጡሮች እንቅልፍ የሚነሣው ካፌይን ከቡና ያነሰ ቢሆንም እዚህም እንዳለ ይወቁ። ከሁሉ የሚያስጠነቅቀው «የአረንጓዴ ሻይ ክኒን» እየተባለ የሚሸጠው ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 እንዳስታወቀው የተጨመቀው ክኒን በብዛት ሲወሰድ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ለሐኪሙ ለመናገር ቋንቋ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ መሠረት የቋንቋ እርዳታ ማግኘት የታካሚ መብት ነው፤ የልጅ ልጅን ከትምህርት ቤት እያስቀሩ ማስተርጎም ግዴታ አይደለም።

ለሰንበት የሚሆን አንድ ነገር ከአዛውንቱ ተምረን መጥተናል። ዓርብ ጠዋት ሁለት ማንኪያ ቅጠል በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ሰንበት ሳይገባ ማጥለል። እሳት የለም፣ ማፍላት የለም። ምሬት ከነጭራሹ አይወጣበትም። የቤር ሼቫን ሐምሌ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መጠጥ አላገኘንም።

አዛውንቱ ከቆርቆሮው ጥቂት ቅጠል በወረቀት ጠቅልለው ለእማማ ሰጡ። ገንዘብ ሲያወጡ አልቀበልም አሉ። እማማም በሳምንቱ፣ ከሐኪም ቀጠሯቸው ሲመለሱ፣ በባልደረባችን እጅ ትኩስ ዳቦ ላኩላቸው። ነርሷ የለካችው ቁጥር ከፊተኛው እንደ ወረደ፣ ገና ግን እንደሚቀር ነግረውናል።

ባለፈው እሑድ ቤታቸው ሄድን። ክኒኑ ከቁም ሣጥኑ ላይ ወርዶ ከውሃ ብርጭቆው አጠገብ ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን ውሃ አፈሉ፣ ከማንቆርቆሪያ ወደ ማንቆርቆሪያ ገለባበጡት። የቀዱልን ግን እስከ አፉ ሞልተው ነው። ያን የ180 ሸቀሉን ሻይ ምን እንዳደረጉት ስንጠይቃቸው በረንዳው ላይ ወዳለው የጤና አዳም ማሰሮ አመለከቱን፤ ሥሩ ላይ በትነውታል።